ያለ ከት

ተዋናይቷ እንደገና ቃሏን ረሳች። አሁንም ደረጃው መሀል ላይ።

«ከት!» አለ ዳይሬክተሩ ከታች፣ በሰለቸ ድምፅ። «ሁላችሁም ወደ ኩሽና። ከመጀመሪያው ነው።»

ካሜራማኑ ትከሻው ላይ ያለውን ካሜራ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ። ምርር ብሎታል።

ድራማው በየሳምንቱ የሚታይ፣ ሰው እየፈራም የማይተወው አስፈሪ ድራማ ነው። በዚህኛው ክፍል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ፎቅ ላይ ኮቴ ትሰማለች። ሻማ ይዛ ከኩሽና ትነሳለች፣ በጠባቡ ኮሪደር ታልፋለች፣ ከሟቹ ጋር እያወራች ደረጃውን ትወጣለች፣ የመኝታ ቤቱን በር ትከፍታለች። ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ ያለ አንዲት ከት፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የፈለገው። ካሜራው የሟቹ ዓይን ነው፤ ከሴትዮዋ ማጅራት ሳይርቅ ይከተላታል። አንዲት ቃል ከተሳተች ወይም አንድ እግር ከተደናቀፈ፣ የተለፋበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ካሜራውን የተሸከመው ሰውዬ ደግሞ የተዋናይቷ የቀድሞ ባል ነው። ባልደረቦቻቸው ከጧት ጀምሮ ሲቀልዱበት ዋሉ። «ፈታችህ ስንል ጭራሽ ከኋላዋ ተለጠፍክ» ይሉታል። እሱ እንኳን ለሳቅ ለንዴትም አቅም አልነበረውም።

ቀኝ ጉልበቱ አልቋል። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳይሸከም ነግሮታል፤ እሱ ግን ሥራ ቦታ ትንፍሽ አላለም። ከታወቀ አለቀለት፤ ካሜራውን ለሌላ አስረክቦ ቤቱ ይቀመጣል። ዕድሜ ልኩን ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ከሐኪሙ በቀር ጉልበቱን የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነች፤ እሷም ያቺው ፊት ፊቱ የምትሄደው ሴት። ነገሩን ያመረረበትም ይኸው ነው።

የምትሳሳትበት ቦታ አይለወጥማ! ኩሽና ውስጥ አትሳሳት፣ ኮሪደሩ ላይ አትሳሳት። ያንን ሁሉ ሸክም አሸክማ ደረጃውን እኩሌታ ድረስ ካስወጣችው በኋላ ነው ቃሉ የሚጠፋት። ያቺ ሙሉ ቴአትር እንደ ውኃ ስትጠጣው የኖረች ሴት!

«ይቅርታ ልጆች፣ አርጅቻለሁ መሰለኝ» አለች፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ። «እስቲ ውኃ ስጡኝ። ትንሽ ልረፍ።»

ቀስ እያለች ጠጣች። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ ጉዳይዋም አልነበረ። ካሜራማኑ ካሜራውን አውርዶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ በጎን ገላመጣት።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«ሥራህን ሥራ።»

«ሆን ብለሽ ነው።»

«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የኔን ልብ ማወቅ የጀመርከው?» አለችው፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወረደች።

እንደገና ጀመሩ። ኩሽና፣ ኮሪደር፣ ደረጃ። ጉልበቱ እንደ እሳት ፈጀው፤ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ተዋናይቷ ቆም አለችና ያለፈውን ሳምንት ክፍል ቃል ተናገረች።

«ከት! ኧረ በፈጠራችሁ!» ዳይሬክተሩ ድርሰቱን ወለሉ ላይ ወረወረው።

ካሜራማኑ ማነከሱ እንዳይታወቅበት እየተጠነቀቀ ወደ እሱ ሄደ።

«ስማኝ ልጄ፣» አለው። «ይሄ መርሳት አይደለም፣ ቂም ነው። በምን ሁኔታ እንደተለያየን ታውቃለህ። እኔን አድክማ ከሥራ ልታስወጣኝ ነው።»

«እና ምን ላድርግ ጋሼ?»

«የምንቀርጸው ከኋላዋ ነው፤ ፊቷ አይታይም። ቀሚሷን ለሌላ ሰው አልብስ። ድምፅ በኋላ ይገባል።»

ዳይሬክተሩ አገጩን አሸ። «እንዲህ ከሆነ ለሚቀጥለውም አልፈልጋትም» አለ። «ደራሲውን ግደላት እለዋለሁ፤ ሟቹ ጋ ትሂድ።»

ተዋናይቷ ሲነገራት አልተከራከረችም። ቀሚሱን ቀይራ መጣችና ካሜራማኑ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ፊቷ ላይ የቀኑ ድካም ሁሉ ነበረ።

«ዛሬ ይብቃችሁ» አለችው። «ነገ አድርጉት።»

«አሁን ነው እንዴ የምትለምኚኝ?»

ራሷን ነቅንቃ ወጣች። እሱም እፎይ አለ።

ቀሚሱን የሜካፕ ሠራተኛዋ ለበሰችው። የምትናገረው ቃል የላት፣ የምትረሳው የላት፤ ሻማውን ይዞ መሄድ ብቻ ነው። የድምፅ ባለሙያው ለኮቴው ብሎ ማይክ ደረቷ ላይ አሰረላት።

«አክሽን!»

ኩሽናው በሰላም አለፈ፣ ኮሪደሩም። ደረጃው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ካሜራማኑን ጉልበቱ ወጋው፤ ሳያስበው አቃሰተ። ልጅቷ ግን መንገዷን ቀጠለች። አንድ ደረጃ ተከተላት። ሁለተኛው ላይ ጉልበቱ ከዳውና ከነካሜራው ተንከባለለ።

ወለሉ ላይ ደግፈው አስቀመጡት። ሌንሱ እንዳልነበረ ሆኗል። ዳይሬክተሩ ሱሪውን ሰብስቦ ያበጠውን ጉልበት አየ።

«ይሄ የዛሬ አይደለም» አለ። «በዚህ እግር ነው እንዴ ካሜራ ስትሸከም የከረምከው? አይ ጋሼ! ከእንግዲህማ ካሜራ አላስነካህም።»

ካሜራማኑ ሱሪውን ወደ ታች ጎትቶ ጉልበቱን ሸፈነ።

ሌሎቹ መኪና ሊጠሩ ሲወጡ የድምፅ ባለሙያው አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ቅድም ስታቃስት ድምፁ አዲስ አልሆነብኝም» አለው። «ከጧት ጀምሮ የተበላሹትን መልሼ ሰማኋቸው። እስቲ አንተም ስማቸው።» የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አደረገለት።

ሁሉም ላይ መጀመሪያ የራሱ ማቃሰት ይሰማል፤ የሷ ቃል የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።