የሁለት ወር ሹሩባ

ሕጉ ለልጆቹ ተብሎ የወጣ ነው። አንድ ልጅ ከአጥፊ ልጆች ማቆያው ሲወጣ፣ ጥፋቱ ዕድሜ ልኩን እንዳይከተለው መዝገቡ ይደመሰሳል፤ ሞግዚቶቹም ልጁን እንዲረሱት ይደረጋል። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ምንታምር ይህን አልሰማችም። ከማቆያው በወጣች በሁለት ወሯ የአንድ ሱቅ መስታወት በድንጋይ የሰበረችው ሞግዚቷ እትዬ በላይነሽ ጋ ለመመለስ ብላ ነበር።

ተይዛ ማቆያው ስትገባ፣ እትዬ በላይነሽ እንደ ደንቡ ጸጉሯን ፈትተው ለመፈተሽ እግራቸው ሥር አስቀመጧት።

«ስምሽን ማን ልበል፣ የኔ ልጅ?»

ምንታምር ዞር ብላ ፊታቸውን አየችው። የቀለዱ አይመስሉም።

ራሳቸው የሠሯትን፣ እሷም ሁለት ወር ሙሉ ማንም እንዳይነካባት በሻሽ ሸፍና ያቆየችውን ሹሩባ ዳበስ አደረጉት።

«ውይ ሲያምር! እጇ ይባረክ። እናትሽ ናት የሠራችሽ?»

ምንታምር እናቷን አይታት አታውቅም።

«አዎ፣ እሷ ናት» አለች።

እትዬ በላይነሽም አንድ በአንድ ይፈቱት ጀመር።