የዋና ሥራ አስኪያጁ እሑድ

ዳግማዊ በንግድ አስተዳደር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሞ የተመረቀ፣ ሦስት ሺህ ሠራተኛ የሚያዝ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው። አርቆ የሚያስብለት ግን ከጆሮው ጀርባ የተቀበረው መሣሪያ ነው። የኩባንያው ንብረት ስለሆነም እሑድ እሑድ ይዘጋል። በከተማው ያለ አለቃ ሁሉ እሑድ እንዲሁ ነው።

ሚስቱ ትርሲት ምስር እየለቀመች፣ ከልጃቸው ጋር ገበጣ ሲጫወት ታየዋለች። እጁ ካረፈበት ጉድጓድ ጠጠር እያነሳ ዝም ብሎ ይዘራል።

«አባዬ፣ እሱን ካነሳህ እኮ እበላሃለሁ! አይታይህም?» አለችው የሰባት ዓመቷ ኤልዳና።

«የቱን?» አለና አነሳው፤ ተበላ።

«ወይ ሜዳሊያ!» አለች ትርሲት በሆዷ። «ዶሮ እንኳ ጥሬ ስትለቅም ቀና ብላ ጭልፊት ታያለች።»

ዳግማዊ በመበላቱ ሳቀና ወደ ሚስቱ ዞረ። «ግድ የለም፤ ለኤልዳናም መሣሪያው በክረምቱ ይገጠምላታል። አስመዝግቤያታለሁ። ከዚያ ወዲያ በማሰብ አትደክምም።»

ትርሲት ሰፌዱን አስቀመጠች። «አንድ ቀን መልሰው ቢወስዱባትስ? ምን ይቀራታል?»

ዳግማዊ መጀመሪያ ገበጣውን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ።

«እሱን» አላት «ሰኞ ጠይቂኝ።»