ሦስተኛው ቀዳዳ

በዚያ ጠዋት እጀ ብረት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ሚስቱ ተነሥታ አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ሐዘን ነው ብላ አለፈችው። እህቱን ከቀበረ ገና ወር አልሞላውም።

«የላውንደሪው ሳጥን ዛሬ ይከፈታል?» አለችው።

«ይከፈታል። የዚያ ልጅ ጉድም አብሮ ይከፈታል።»

«ያ ልጅ» የሚለው ታናሽ ወንድሙን ነው፤ በእጁ ያሳደገውን፣ የኤሌክትሪክ ሙያውን ያስተማረውን። ከቀብሩ ወዲህ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

እህታቸው ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። በማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ወፍራም የብረት ሳጥን አለ፤ ሽቦዎቹ የሚገናኙት እዚያ ውስጥ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው። ከዓመታት በፊት ማጠቢያ ማሽኑ ሲተከል፣ ለተጨማሪው የሽቦ ቱቦ ሁለተኛውን ቀዳዳ የበሳው እጀ ብረት ነው። በቅርቡ ደግሞ ማድረቂያ መጣና ሦስተኛውን ታናሹ በሳ። ብዙም ሳይቆይ እህታቸው በርጥብ እጇ ሳጥኑን ነካች፤ እዚያው ቀረች።

ብረት ሲበሳ የቀዳዳው ጠርዝ በውስጥ በኩል ስለት ያወጣል። ስለቱ በሞረድ ካልጠፋ፣ ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሽቦውን ልባስ እየከረከረ ይበላዋል። የተላጠው ሽቦ ብረቱን የነካ ዕለት ሳጥኑ ሰው ይገድላል። ይህን ለታናሹ ያስተማረው እጀ ብረት ነው።

«ዓይንህን አትመን» ይለው ነበር። «ጣትህን አዙርበት። ከደማህ ገና ይቀርሃል፤ እንደ ሐር ከለሰለሰልህ ጨርሰሃል።»

ታናሹ ግን ለጣቱ ሳሳና በጥጥ መፈተሽ ጀመረ። ጥጡ ጠርዙ ላይ ከተያዘ ይሞርዳል፤ ካልተያዘ ይተወዋል። እጀ ብረት ይስቅበት ነበር። አሁን ያ ሳቅ እሬት ሆኖበታል። ያኔ ጆሮውን ይዤ ብቀጣው ኖሮ እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

ላውንደሪው ሲደርስ የቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴት ሻይ ቀዳችለት።

«ብርጭቆው ይፋጃል፣ በጨርቅ ይያዙት» አለችው።

እሱ በባዶ መዳፉ ጨብጦ ጨለጠው። ሴትዮዋ በመገረም አየችው። እጀ ብረት የተባለው ለዚህ ነው፤ ከድሪሉ ሥር የሚወጣውን ትኩስ የብረት ፍቅፋቂ በባዶ እጁ እንደ ቆሎ ይዘግነዋል።

ታናሹ ገባ። ከስቷል።

«ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?»

እጀ ብረት ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

አደጋውን የያዘው የፖሊስ መርማሪ የሳጥኑን እሽግ ቆርጦ ክዳኑን ፈታ፤ ቱቦዎቹንም አስወለቀ። «ሽቦዎቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል፤ ከነሱ የምናውቀው የለም» አለ። «የፋብሪካው ቀዳዳ ደህና ነው። ከሁለታችሁ ስለት የተገኘበት ይከሰሳል።»

«ይከሰስ!» አለ እጀ ብረት። «ወንድሜ ነው ብዬ አላማልድም። እስር ቤት ይበስብስ።»

«ለኔም እኮ እህቴ ናት፣ ጋሼ።»

«ብትሆንማ ትሞርድላት ነበር!»

ታናሹ አንገቱን ደፋ። ከኪሱ ጥጥ አውጥቶ በሦስተኛው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አዞረው። ጥጡ ሳይያዝ ወጣ። መርማሪው ተቀብሎ ደገመው፤ አሁንም አልተያዘም።

«ጥጥ ምን ያውቃል!» እጀ ብረት ሁለቱንም ገፋ አድርጎ ጣቱን ከተተ። አዞረው። ሐር ነው። ቢነክሰው ደስ የሚለው ይመስል ጫን ብሎ ደገመው። ፊቱ ጠቆረ።

«ሞርዶት ነው! ከሞተች በኋላ ተደብቆ መጥቶ ሞርዶት ነው!»

«ሳጥኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኔ ማኅተም ታሽጎ ነው የቆየው» አለ መርማሪው።

እጀ ብረት ከሦስተኛው ቀዳዳ ጣቱን ነቀለ። የሚጠላው ሰው ካጣ ሐዘኑን የት ያደርገዋል?

«እንግዲያው ሥራ ማለት ምን እንደሆነ እዩ» አለና ጣቱን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ራሱ ቀዳዳ ላከ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ በበሳው ቀን እንዳደረገው፣ ጠርዙን ቀስ ብሎ ዙሪያውን ዞረው።

«ሐር!» አለ አፉን ሞልቶ። «ያን ቀንም ሐር ነበር፣ ዛሬም ሐር ነው። የኔ እጅ እህቴን አልገደላትም!»

ጣቱን አውጥቶ መርማሪው ፊት ቀሰረው።

የላውንደሪው ባለቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ታናሹ ጥጡን ዘረጋለት። «ጋሼ፣» አለው፣ «ደምህን ጥረግ።»