የኢንግሪድ ካርቶን

ማንኩሳ አጠገብ ባለው የሚሲዮን የሕፃናት ማሳደጊያ ስጦታ የሚታደለው በፈረንጆቹ ገና፣ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን ነው። እያንዳንዱን ልጅ የሚረዱት ፈረንጆች የልጆቹን ፎቶ በበዓላቸው ዕለት ማየት ይፈልጋሉ። እዚህ ግን ጾም ነው። ልጆቹ የወተት ቸኮላታቸውን እያሸተቱ እስከ ሃያ ዘጠኝ ድረስ ትራስ ሥር ያቆዩታል።

ወዲያው የምትበላው ሕሊና ብቻ ናት። የእሷ ሁልጊዜ የሰሊጥ ጣፋጭ ነው። ሌሎቹ በዚህ ይቀኑባታል። በሹራቧም ይቀናሉ። የእነሱ ፈረንጆች ወይ ለጨቅላ ወይ ለጎረምሳ የሚሆን ልብስ ይልካሉ፤ የሕሊና ልክክ ይላል፣ እጅጌው ብቻ ለከርሞ እንዲሆን ትንሽ ረዘም ብሎ።

ከሁሉም የባሰ የቀናችው ግን ልጅ አይደለችም። ሸጋዬ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የማሳደጊያው ልብስ አጣቢ።

ሸጋዬ ሕሊናን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አጥባ፣ አበጥራ አሳድጋታለች። ታይፎይድ ይዟት ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ወለል ላይ እየተኛች አስታማታለች። ሕሊና አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሸጋዬን «እትዬ» እያለች አንቱ ትላታለች። በረጂነት የተመደበችላትን፣ በአካል አይታት የማታውቀውን ፈረንጇን ኢንግሪድን ግን «እማዬ» ትላታለች፤ እሷን አንቺ ነው የምትላት። ይህ ሸጋዬን እንደ እሳት ይለበልባታል።

የኢንግሪድ ፎቶ ከሕሊና አልጋ ራስጌ ተለጥፏል። ነጭ ፀጉር፣ ጉልበቷ ላይ ድመት። ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጠርዙ ተልጧል። ሸጋዬ አንሶላ ልትቀይር ስትገባ ከፎቶው ጋር ትጣላለች። «አንቺ ምን አድርገሽላት ነው?» ትለዋለች። ፎቶው መልስ አይሰጥም፤ እሷ ግን የተሰደበች ያህል ተቆጥታ ትወጣለች።

ይህን አንድ ቀን እህተ ማርያም በጆሮዋ ሰማች። እህተ ማርያም የማሳደጊያው አዲስ ኃላፊ ናት። በመስከረም መጥታ፣ ወደ አገሯ ከተመለሰችው ከቀድሞዋ ኃላፊ መነኩሲት የፋይል ካቢኔቱን ቁልፍ ተረክባለች፤ ፋይሎቹን ለማየት ግን ጊዜ አላገኘችም። የሰማችውን በልቧ ያዘችው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሕሊና ደብዳቤ ይዛ ወደ ልብስ ማጠቢያው መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸጋዬ ቡሬ ትወርዳለች። የልጆቹን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰውም እሷ ናት።

«እትዬ፣ ይችን እንዳይረሷት። እማዬ ኢንግሪድ ትጠብቃለች።»

«እናትሽ እሷ ብቻ ናት?» አለች ሸጋዬ ሳሙናውን ከእጇ ሳትለቅ።

«ዝም ብላ የምትወደኝ እሷ ብቻ ናት።»

«እኔስ?»

ሕሊና ክፋት የለባትም። የመሰላትን ተናገረች።

«እርስዎማ ደሞዝ ይከፈልዎታል።»

ሸጋዬ ደብዳቤውን ተቀበለችና አንሶላውን ማሸት ቀጠለች። የዚያን ዕለት አንሶላው ሁለት ቦታ ተቀደደ።

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ደረሰ። የሌሎቹ ልጆች ካርቶን ከአዲስ አበባ በአንድ መኪና ቀድሞ ገብቷል። የሕሊና እንደ ወትሮው ለብቻው ከቡሬ በሚኒባስ መጣ። ዘበኛው ገብረሰንበት ተቀብሎ መጋዘን አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ እያለከለከ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ።

«ሸጋዬ የሕሊናን ካርቶን ከፍታ እጇን ከታለች! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁ!»

እህተ ማርያም ስትደርስ ሸጋዬ መጋዘኑ መሐል ቆማለች። ከነጠላዋ ሥር የወረቀት ጫፍ ይታያል።

«የያዙትን ይስጡኝ» አለች እህተ ማርያም።

«ተዉት እባክዎ። ይሄ ለልጅቱ አይሆናትም።»

«የሚሆናትንና የማይሆናትን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት?»

ሸጋዬ አወጣችና ሰጠቻት። እንደ ሌሎቹ ልጆች ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው። እህተ ማርያም እዚያው ቆማ አነበበችው።

«ልጄ ሕሊና፣ አርጅቻለሁ፤ ታምሜያለሁም። ከእንግዲህ አልጽፍልሽም። አትቀየሚኝ። አጠገብሽ ያሉትን ውደጃቸው። ኢንግሪድ።»

ኃላፊዋ ከወረቀቱ ቀና አለች።

«የታመመች ሴት ስንብት ነው የሚሰርቁት? ልጅቱ ረሳችኝ ብላ እንድትጠላት?»

«እንድትጠላት አይደለም።»

«ቅናት አይደለም ይህ?»

«ቅናትማ ነው» አለች ሸጋዬ። እንባዋ ወረደ። «አንጀቴን አሳርራዋለች። ትጥፋልኝ ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ልጅቱ ገና በማለዳ በር ላይ ቆማ ሚኒባሱን ስትጠብቅ አየኋት። አላስቻለኝም። ትኑርላት።»

እህተ ማርያም ይህን ቃል ከምንም አልቆጠረችውም። የሰው ደብዳቤ የምትሰርቅ ሴት ከልጆች ጋር አትውልም።

«ዛሬውኑ ዕቃዎን ሰብስበው ይሂዱ።»

ሸጋዬ ነጠላዋን አስተካክላ መንገድ ጀመረች። በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ዘወር አለች።

«ሹራቡን በሙቅ ውኃ እንዳያጥቡባት። ክሩ ይኮማተራል።»

ከቀትር በኋላ ልጆቹ ለፎቶ ተሰለፉ። ሕሊና ቀዩን ሹራብ ለብሳ፣ ሰሊጡን እያኘከች ሣቀች። እጅጌውን አንድ ጊዜ አጠፈችው። ልብሷን የምታጥብላት ሴት ያን ሰዓት ፌስታሏን ይዛ አስፋልቱ ዳር መኪና ትጠብቅ ነበር። ሕሊና አላየቻትም።

እህተ ማርያም ቢሮዋ ገባች። ኢንግሪድን ይቅርታ ልትጠይቃት፣ ምሕረትም ልትመኝላት ወረቀት አወጣች። አድራሻዋን ስላላወቀች ካቢኔቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍታ የሕሊናን ፋይል ፈለገች።

ከላይ ያገኘችው የኢንግሪድ ልጅ የጻፈውን የእናቱን መርዶ ነበር፤ ጠርዙ ላይ መነኩሲቷ «ለሸጋዬ ብቻ ተነግሯል» ብላ ጽፋበታለች። ደብዳቤው ከተጻፈ አምስት ዓመት ሆኖታል።