ሠላሳ አንደኛው ፊልም

«ጥቅምት ሁለት» ብሎ ሙሐመድሳኒ ጀመረ፤ ድምፁ ግን ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር አላለፈም።

«ጮክ በል፣ ጓድ» አለው የቀበሌው ሊቀ መንበር ወልደሰማያት፣ ከመድረኩ ላይ ሆኖ። «ሂስ አይፈራም።»

የጳጉሜን እሑድ ጧት ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙሐመድሳኒ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ፊት መቆም ቀርቶ ደንበኛ ሲለካ እንኳ ቀና ብሎ አያይም። ግን በ1978 ዓ.ም. በዚህ አዳራሽ የታየውን ፊልም ሁሉ አንድም ሳይቀረው አይቶ በደብተር የመዘገበ ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ የዓመቱን ግምገማ አንተ አንብብ ተባለ።

«ጥቅምት ሁለት። ስለ ትራክተር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አረሰ። ምን እንደ ዘራ አላሳዩንም።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«ኅዳር። የጦርነት ፊልም። ወታደሩ በረዶ ላይ ወድቆ ሞተ፤ አዘንን። ታኅሣሥ። ያው ሰውዬ በሌላ ፊልም በረዶ ላይ ወድቆ ሞተ። ጥር ላይም መጣ፤ ያኔ ያዘነ የለም።»

«የካቲትም ሞቷል፣ ወላሂ» አለች ሙዝ ነጋዴዋ ዘሀራ። «እኔ ግን እንባዬን ጨርሼ ነበር። ሜ፣ እስቲ ቀጥል።»

ሳቁ ልብ ሰጠው። ዓመት ሙሉ አንጀቱ ውስጥ ሲብላላ የከረመው ሁሉ ወደ አፉ መጣ።

«የህንዱ ፊልም። ዘፈኑ ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ልጅቷ ልትዘፍን አፏን ትከፍታለች፤ ሳትዘጋው ሠርጓ ይደርሳል። የአዳራሹ ቴሌቪዥን። ድራማው ሲጀመር መስኮቱ አመድ ይሆናል፤ ድራማው ሲያልቅ ይጠራል። ሲጠራ ስብሰባ ነው። እዚህ ስብሰባ ተቀምጠን እዚያ ስብሰባ እናያለን።»

አሁን የሳቀ የለም። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጥሩወርቅ ብዕሯን አነሣች። ወልደሰማያት ግን አልተቆጣም፤ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነበር።

«መልካም። ለዚህ ሁሉ ጥፋት ማሽኑን የያዘው ሰው ድርሻስ?»

ሰዉ ዞሮ ወደ ጋሽ ቲጃኒ አየ። ጋሽ ቲጃኒ ከማሽን ክፍሉ ደረጃ ሥር ቆመዋል። ሃያ ዓመት ፊልም ከማሳየት በቀር ሌላ ሥራ አያውቁም፤ ቤታቸው አምስት ልጅ አለ። ወልደሰማያት የክፍሉን ቁልፍ ከእጃቸው ወስዶ ለእህቱ ልጅ ለመስጠት ሰበብ ሲፈልግ መክረሙን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል።

«ፊልሙ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው» አለ ሙሐመድሳኒ። «ጋሽ ቲጃኒ የመጣላቸውን ነው የሚያሳዩት።»

«እሺ፣ ጨርስ።»

ገጹን ገለጠ። የቀረው አንድ ገጽ ነበር። ነሐሴ ሃያ፣ ሠላሳ አንደኛው ፊልም።

ለጅማና ለአጋሮ የሚመጣው አንድ ፊልም ነው፤ በየጥቅሉ ተከፋፍሎ። እዚህ ታይቶ ያለቀው ጥቅል ሌላው ሳያልቅ በመኪና ወደ አጋሮ ይላካል። ያን ቀን ጋሽ ቲጃኒ ተጣድፈው ገና ያልታየውን የመጨረሻውን ጥቅል አብረው ላኩት። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነበር። አብዮቱን ከድቷል የተባለው ታናሽየው ከታላቅ ወንድሙ ቤት ተደብቋል፤ በሩ ተንኳኳ፤ ሸራው ነጭ ሆነ። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ጋሽ ቲጃኒ ከክፍላቸው ወርደው ሸራው ፊት ቆሙና የቀረውን በአፋቸው ተረኩት፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ከፊልሙ ጋር የመጣው ወረቀት ታላቁ ታናሹን አሳልፎ ሰጠ ይላል። በጋሽ ቲጃኒ ትረካ ግን ታላቁ ወንድም በሩን ከፈተ፤ ወታደሮቹን ዐይን ዐይናቸውን እያየ «እዚህ ማንም የለም» አለ። በየአግዳሚው እናቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱ። ወልደሰማያት ያን ዕለት ለስብሰባ ሰርቦ ከተማ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እሱ ፊት ያነሣ ሰው የለም።

ሙሐመድሳኒ ያን ምሽት ቤቱ ገብቶ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ «መልካም» ብሎ ጻፈ። በደብተሩ ውስጥ ይህ ቃል ያለው እዚህ ብቻ ነው። ትናንት ሲዘጋጅ ይህን ገጽ እያሰበ ነበር ደስ ያለው፤ ሌላውን ሁሉ አዋርዶ እዚህ ሲደርስ ጋሽ ቲጃኒን ያከብራቸዋል። አሁን ግን ቃሉን ካነበበ «ምኑ ነው መልካሙ?» መባሉ እንደማይቀር ታየው። ዘሀራ ሙዟን መላጥ ትታ ታየዋለች። አዳራሹ ሁሉ ያየዋል።

«የነሐሴውስ?» አለ ወልደሰማያት። «እንዴት ነበር?»

«አስቀያሚ ነበር።»

ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ኋላው ግድግዳ ደረሰ።

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻውም አስቀያሚ ነበር። እንደ ሌሎቹ።»

ደብተሩን ዘጋ። ዘሀራ አጨበጨበች፤ ሌላውም ተከተላት። ወልደሰማያት ከሰዉ መሀል የሚጨምር ሲያጣ ለጥሩወርቅ እጁን አወናጨፈላት፤ እሷም ጥፋቱ የፊልሞቹ ነው ብላ ጻፈች። ቁልፉ ከጋሽ ቲጃኒ ዘንድ ቀረ።

ሰዉ ሲወጣ ጋሽ ቲጃኒ ደረጃው ሥር ጠበቁት።

«ልጄ» አሉት በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፤ «ከልብህ ነው?»

ሙሐመድሳኒ ደብተሩን ሊገልጥላቸው ሲል ጥሩወርቅ ወረቀቷን ታቅፋ ከጎኑ ቆመች፤ ወልደሰማያትን ነበር የምትጠብቀው።

«አስቀያሚ ነበር፣ ጋሼ» አለ።

ጋሽ ቲጃኒ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረጃውን ወጥተው ቁልፉን ከቀዳዳው ከተቱት፤ አላዞሩትም። ጀርባቸውን ለአዳራሹ እንደ ሰጡ፣ እጃቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆሙ።