ሣሩ ውስጥ የቀረው

እንደሻውና ሙራድ አሰላ ውስጥ አንድ ጌም ቤት ውስጥ አደጉ ማለት ይቻላል። የሚወዱት ጌም ጀግናው ከጠባቂዎች እየተደበቀ የሚያልፍበት፣ ለዓመታት ክፍል በክፍል ሲወጣ የኖረ ነው። የመጨረሻው ክፍል ጀግናው ቆስሎ ረጅም ሣር ውስጥ ሲገባ ያበቃል። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ይቆማል።

«ሞተ» አለ እንደሻው።

«አልሞተም፤ እንዳይሰሙት ነው» አለ ሙራድ።

ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ እንደሻው በሰው ፊት «አንተ ድሮም አይገባህም» አለው። ሙራድ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወጣ። ሳይታረቁ፣ ሙራድ ከዴራ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። እንደሻው ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ ዋለ፤ የሙራድን አባት ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ከወር በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እንደሻው «ሙራድ ልክ ነበር» የሚያሰኝ ነገር ፍለጋ ጌም ቤቱ ብቻውን ገብቶ ያንኑ መጨረሻ ከፈተ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ትንፋሹ ጀመረ። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። የቴሌቪዥኑ ቀይ መብራት ሳትቀር ጠፋች። ትንፋሹ ግን ቀጠለ።

«ድምፁን ቀንሰው እንጂ» አለች የቤቱ ባለቤት የምስራች ከደጅ።

«እትዬ፣ መብራት እኮ የለም።»

የምስራች መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የጠፋውን ቴሌቪዥን አየች፤ እንደሻውን አየች። ከዚያ ዓይኗ አጠገቡ ባለው፣ ሙራድ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ቀረ።

«እንደሻው» አለችው ቀስ ብላ፣ «ተነስና ወደ እኔ ና። ወደ ጎን አትይ።»