ብረቱ ለእኔ

ቡሬ ላይ ወርቅ መፈለጊያ ማሽን የሚሻ ሰው ደላላው እጅጉ ዘንድ ይሄዳል። እጅጉ ከቤት ኪራይ እስከ ሙሽራ የማያገናኘው ነገር የለም። ከመተከል የሚመለሱ ወርቅ ቆፋሪዎች ማሽኖቻቸውን እሱ ዘንድ ይጥላሉ፤ እሱም ያከራያል።

አያ አስናቀው ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ፣ ጢማቸውን ከተላጩ የቆዩ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው። እጅጉ የሚያውቃቸው በልጃቸው በቢሰጥ ነው። ቢሰጥ ሞተር ሳይክል ነጂ ነበር፤ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን ሆነና እያነከሰ ተመለሰ። ኋላ ወርቅ ፍለጋ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ልጁ ያገኘውን ቀብሮ፣ ቦታውን ለአባቱ ነግሮ ነው የሄደው ሲል እጅጉ በልቡ ደመደመ።

መጀመሪያ ውዱን ማሽን አወጣላቸው። ይኼ ብረትን ንቆ የሚያልፍ፣ ለወርቅ ብቻ የሚጮህ ነው ብሎ አሞገሰው። አያ አስናቀው ከነጠላቸው ጫፍ አንዲት የማትዝግ ትንሽ ብሎን ፈትተው አፈር አለበሷት። ውዱ ማሽን ዝም ብሎ አለፋት። ሚስማር ባገኘ ቁጥር የሚያላዝነው አሮጌው ማሽን ግን ጮኸ።

«ይኸን ስጠኝ» አሉ።

«አያ፣ እሱ እኮ ለቆርኪውም ይጮሃል። ወርቁን በምን ይለዩታል?»

«ወርቅ ከተገኘ ላንተ ይሁን። ብረቱ ለእኔ።»

እጅጉ ሳቁን ዋጠ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ነው። ወርቁ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ ቢሆን ነዋ! ሳጥኑ የእሳቸው ከሆነ ውስጡ ያለው የማን ሊባል ነው? ኪራዩን ትቶ አብሯቸው ሊሄድ ቆረጠ። ያን ወርቅ ካገኘ ድለላ በቃው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ከፍቶ እንደ ሰው ይቀመጣል።

መንገድ ላይ ምን እንዲህ እንዳስቸኮላቸው ጠየቃቸው።

«ዕድሜዬ ሄደ። ሳላወጣው ብሞት ዓይኔ አይከደንም» አሉት።

ሰዉ ገበያ በወጣበት ቅዳሜ ከአንድ ትልቅ ሾላ በታች ካለ ሜዳ ደረሱ። ተኩስ ከነበረበት፣ ቢሰጥም ከጠፋበት ክረምት ወዲህ ያልታረሰ መሬት ነው። አያ አስናቀው ጫማቸውን አወለቁ። የተቀበረ ወርቅ ጠባቂ መንፈስ አለውና እጅጉም ቶሎ ብሎ አወለቀ። ሽማግሌው ከጉያቸው አዲስ አቡጀዲ አውጥተው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ። እጅጉ የወርቁ መጠቅለያ መሆኑ ነው ብሎ ደስ አለው።

ማሽኑ ጮኸ፤ ቆፈሩ፤ የጥይት ቀለህ ነበር። ጣሉት። ደግሞ ጮኸ፤ ደግሞ ቀለህ። ፀሐዩ ከረረ። እጅጉን ላብ አጠመቀው። አያ አስናቀው ግን አልተቆጡም፣ ተስፋም አልቆረጡም፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

ሾላው ሥር ሲደርሱ ማሽኑ አላቋርጥ አለ። እጅጉ ዶማውን አነሳ።

«ተው፣ ዶማ አይንካው» አሉ።

ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። ከቆይታ በኋላ እጃቸው ቆመ።

«ሳጥኑ ነው?» አለ እጅጉ አጎንብሶ።

አንድ የጭን አጥንት ላይ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ያችን ብሎን የመሰሉ ብሎኖች ሳይዝጉ ተደርድረው ነበር፤ አያ አስናቀው አቡጀዲውን ከቅርንጫፉ አወረዱና «ና ቢሰጥ፣ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ» አሉ።